እህቴ ደረጃ 4 የጡት ካንሰር ተብላለች፤ እሷ ግን አታውቅም። ምን እናድርግ?

የአዘዞ ልጅ · የካቲት 2

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ታላቅ እህቴ 46 ዓመቷ ነው። ሁለት ልጆች አሏት። እኔንም ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እቴቴ ነው የምላት። አምና ከጥምቀት በኋላ ግራ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ስለማያማት ዝም አለች። ከዚያ ጸበል ገባች፣ ቅጠልም ታሰረላት። ዘንድሮ የጡቷ ቆዳ ተጨማዶ፣ ብብቷ ስር ሌላ እብጠት ወጥቶ፣ ወገቧን ሲጠዘጥዛት ነው ሆስፒታል የወሰድናት።

ናሙና ተወሰደ፣ ሲቲ ስካን ተነሳች። የጡት ካንሰር ነው፣ ወደ አከርካሪ አጥንቷ ተሰራጭቷል፣ ሳንባዋ ላይም ትንንሽ ነገሮች ይታያሉ ተባልን። ሐኪሙ "ደረጃ አራት ነው። ሙሉ በሙሉ ነቅሎ የሚያጠፋው ሕክምና የለም፤ ግን ይታከማል" አለን። ቤተሰቡ የመጀመሪያውን ይዞ የመጨረሻዋን ቃል ጥሏታል።

ወንድሜ "ኬሞ ያሰቃያታል እንጂ አያድናትም፣ ቤቷ ሆና ትጸልይ" ይላል። አጎታችን በእሷ ስም ያለውን የማክሰኚቱን ቤት ሸጠን ሕንድ እንውሰዳት ይላል፤ ደላላም አናግሯል። እናታችን ደግሞ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ሁላችንንም አስምላናለች። እቴቴ ያለባት የጡት ኢንፌክሽንና የወገብ ብርድ ይመስላታል።

ስንት ጊዜ አላት? ኬሞው ይጠቅማታል ወይስ ስቃይ ነው? ልንነግራትስ ይገባል?

ወለተ ማርያም · የካቲት 2

እግዚአብሔር ይማርልሽ የኔ እህት። ስሟን በውስጥ ላኪልኝ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስሄድ አስባታለሁ።

ሲስተር ማራኪ · የካቲት 2

አይዞሽ እህቴ። ካንሰር ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የማውቀውን ልንገርሽ፤ የእሷን ጉዳይ ግን የሚያውቀው የሚያክማት ሐኪም ነው።

"ስንት ጊዜ አላት" ለሚለው፣ ደረጃ 4 የሚለውን ብቻ ሰምቶ ማንም ሊመልስልሽ አይችልም። የጡት ካንሰር ስሙ አንድ ቢሆንም ጠባዩ የተለያየ ነው። ከናሙናው ላይ ሦስት ነገር መመርመር አለበት፤ ኢ.አር፣ ፒ.አር እና ኸር-2። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ካንሰሩ በሴት ሆርሞን የሚያድግ መሆን አለመሆኑን ያሳያሉ፤ በሆርሞን የሚያድገው ሆርሞን ተቀባይ ያለው ይባላል። ኸር-2 ካንሰሩን በፍጥነት የሚያሳድግ ፕሮቲን ነው፤ እሱን ለይቶ የሚመታ ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት አለ። ሦስቱም ከሌሉ ትሪፕል ኔጌቲቭ ይባላል። ከሁሉም አስቸጋሪው እሱ ነው።

ወረቀታችሁ ላይ "ካንሰር" የሚል ብቻ ካለ ምርመራው ገና አላለቀም። ናሙናው በሰም ተይዞ ላብራቶሪው ውስጥ ይቀመጣል፤ ብሎክ ይሉታል። እነዚህ ሦስቱ ተመርምረው እንደሆነ ጠይቁ። እዚያው የማይሠሩ ከሆነ ብሎኩን ፈርማችሁ ተቀብላችሁ ወደ አዲስ አበባ መላክ ይቻላል። ቤት ስለ መሸጥ ከማውራታችሁ በፊት ይህን ጨርሱ።

ቁጥር ከፈለግሽ፣ በአሜሪካ የካንሰር መዝገብ ካንሰሩ ተሰራጭቶ ከተገኘባቸው ሴቶች አምስት ዓመት የሚሻገሩት ከ10 ሦስት ያህሉ ናቸው። ይህ ግን ሁሉንም ዓይነት ደባልቆ ነው። ሆርሞን ተቀባይ ያለው፣ አጥንት ላይ ብቻ የተቀመጠ ከሆነ ብዙ ዓመት የሚኖሩ አሉ፤ እኔም አውቃቸዋለሁ። ትሪፕል ኔጌቲቭ ሆኖ ጉበትና አንጎል ከገባ ብዙ ጊዜ በወራት ነው የሚቆጠረው። እኛ ጋ ደግሞ መድኃኒት የሚቆራረጥበት ጊዜ አለ፣ ብዙዎቹም ዘግይተው ነው የሚመጡት። ሁለቱንም እወቂው።

ኬሞውም እንደ ዓይነቱ ነው። ሆርሞን ተቀባይ ካለውና ጉበቷን ወይም ሳንባዋን አሁኑኑ የሚያሰጋ ነገር ከሌለ፣ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በሚዋጥ ኪኒን ነው። አዲስ አበባ ላይ በተሠራ ጥናትም አብዛኛው የጡት ካንሰር ሆርሞን ተቀባይ ያለው ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ወንድምሽ ገና ላልታዘዘ ኬሞ ነው እየተጨነቀ ያለው።

ከቆላድባ · የካቲት 2

የእናቴ ልክ እንደዚህ ነበር። ጡትና የዳሌ አጥንት። ያኔ ትንሹ ወንድሜ ሰባተኛ ክፍል ነበር፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። እናቴ አለች። ጠዋት ጠዋት ኪኒኗን ትውጣለች፣ ቡናዋን ታፈላለች፣ ገበያም ትወጣለች። በመሃል አንድ ጊዜ በሽታው ተነስቶባት መድኃኒት ቀየሩላት። ከእኛ ሰፈር ስኳር ካለባት ሴት የተለየ ኑሮ የላትም፤ ሁለቱም ዕድሜ ልክ መድኃኒት ነው።

ሁሉም እንደ እሷ ይሆናል ማለቴ አይደለም። አብረዋት ከጀመሩት ውስጥ ያረፉም አሉ። ግን ማንም ሳይመረምር "አበቃላት" አይበላችሁ።

የአራዳው · የካቲት 3

እኔ አትንገሯት ነው የምለው። አክስቴ እስኪነገራት ድረስ ትበላ ነበር። የተነገራት ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ ከዚያ በኋላ አልተነሳችም። ሰውን የሚገድለው ወሬው ነው። እናታችሁ የሚያውቁትን ነው ያደረጉት።

ደባርቅ 01 · የካቲት 3

ልጆቼ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ባለቤቴን በዚሁ በሽታ አጥቻለሁ። የእሷ ያ ትሪፕል ኔጌቲቭ የተባለው ነበር። ወደ ጉበቷ ሄደ። ኬሞው ለጊዜው አነሳት፤ መብላት ጀመረች፣ ትንፋሿም ተመለሰ። በኋላ አልሠራ አለ። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። የቆላድባዋ እናትና የእኔ ባለቤት ሁለቱም ደረጃ 4 ነበሩ። ሲስተር ያለችው ልዩነት እውነት መሆኑን እንድታዩ ነው።

እኛ ነግረናታል። የነገራት ሐኪሙ ነው፣ እኔና ታላቅ እህቷ ባለንበት። በአንድ ሳምንት ውስጥ "የልጄ ሠርግ ለሚያዝያ አይቆይ" አለች። ጥር ላይ ደገስን። ጠላውን ራሷ እያዘዘች ነው ያስጠመቀችው። ባናውቅ ወይም ብንደብቃት ሠርጉ ያለ እናት ነበር የሚሆነው።

ለመርዶ እንኳ ወግ አለን። ንጋት ላይ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ለሟች ቤተሰብ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች በሕይወት ላለች ሴት ስለ ራሷ አካል የምንነግርበት ወግ እንዴት እናጣለን?

ስለ ሕመሙም ልበል። የሚጠጣ ሞርፊን ሲታዘዝላት ዘመድ "ሱስ ያስይዛታል፣ የመጨረሻ መድኃኒት ነው" ብሎ አጉረመረመ። እኔ ሐኪሙን ሰማሁ። የጀመረች ሌሊት ተኛች፤ ለብዙ ሳምንት ተቀምጣ ያደረች ሴት ነበረች። ሆድ ስለሚያደርቅ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይሰጣል፤ እሱን እንዳትረሱ።

ሲስተር ማራኪ · የካቲት 3

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ይህን ስለነገሩን እናመሰግናለን።

የአራዳው ወንድሜ፣ የአክስትህ ነገር ያሳዝናል። ግን እኛ በየጊዜው የምናየውን ልንገርህ። ቤተሰብ በር ላይ ያስቆመናል። "እባካችሁ ስሙን እንዳትጠሩት" ይለናል። ታማሚዋ ግን ኬሞ የሚሰጥበት ክፍል ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለችው ሴት ፀጉሯ ረግፏል። በሩ ላይ የተጻፈውን ታያለች። ታዲያ ማንን ትጠይቅ? ሁሉም ፊቷ ላይ ይስቃል፣ ጓዳ ገብቶ ያለቅሳል። እኔ ከበሽታው ይልቅ በዚህ የተጎዱ ብዙ ሴቶች አይቻለሁ።

ከዚህም ሌላ ሕክምናው ራሱ ያለ እሷ አይሄድም። ኪኒኑ በየቀኑ፣ ለዓመታት የሚዋጥ ነው። ለወገብ ብርድ የተሰጠ ከመሰላት ወገቧ የተሻላት ቀን ትተወዋለች። ኬሞ ከጀመረች ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን መምጣት አለባት፤ ነጭ የደም ሴሏ ስለሚወርድ ተራ ኢንፌክሽን ይገድላታል። ካላወቀች ሻይ በዝንጅብል ጠጥታ ትተኛለች። ያላወቀችውን በሽታ ምልክት እንዴት ትነግራችኋለች?

አነጋገሩ ላይ ግን እውነት አላችሁ፤ እንደ ዱላ መወርወር የለበትም። መጀመሪያ እሷን ጠይቋት። "ሕመምሽ ምን ይመስልሻል? ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ማወቅ ትፈልጊያለሽ ወይስ ለእኛ ይንገረን?" በሏት። "ሁሉንም ንገሩኝ" የምትል አለች። "ለእህቴ ንገሯት፣ እኔ መድኃኒቴን ብቻ ስጡኝ" የምትልም አለች። ይህም መብቷ ነው። ግን ምርጫው የእሷ ይሁን። "ትድኛለሽ" ብላችሁ አትዋሿት። "ምንም አይደረግልሽም" ብትሏትም ያው ውሸት ነው።

ፋሲል ሰፈር · የካቲት 4

ለምንድን ነው ጡቱን ቆርጠው የማያወጡት? ምንጩ ከተነሳ የቀረው አይደርቅም?

ሬዚደንቱ (አዲስ አበባ) · የካቲት 4

ካንሰር ሕክምና ላይ ስፔሻላይዝ እያደረግሁ ነው። ይህን ጥያቄ ከሁሉም ቤተሰብ እሰማለሁ፤ ሎጂኩም ትክክል ይመስላል። በሕንድ ታታ ሜሞሪያል ሆስፒታልና በአሜሪካ በተለያየ ጊዜ ተፈትኗል። ከመጀመሪያውኑ ተሰራጭቶ በተገኘ የጡት ካንሰር ላይ ጡቱን መቁረጥ በአጠቃላይ ዕድሜ አላስረዘመም። የሚያስቸግረው አጥንትና ሳንባ ላይ ያለው ስለሆነ መድኃኒቱ በደም ሄዶ ሁሉም ጋ መድረስ አለበት። ለቀዶ ጥገና ብሎ መድኃኒቱን ማዘግየት ደግሞ ጉዳት አለው።

ጡቱ ከቆሰለ፣ ከደማ ወይም ከሸተተ ግን ለምቾቷ ሲባል ይታሰብበታል። ለሽታው ሜትሮኒዳዞል ቁስሉ ላይ ማድረግ በጣም ይረዳል። መፍትሔው ቀላል፣ ዋጋው ርካሽ ሆኖ ሳለ በመጥፎው ጠረን አፍረው ቤት የሚዘጉ ሴቶች አሉ፤ ማፈር የለባቸውም፣ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

የሕንዱን ነገር በግልጽ ልበል። እዚያ ብትሄዱም መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ያንኑ የኢ.አር፣ የፒ.አርና የኸር-2 ውጤት ነው። ታሞክሲፈን የሚባለው የሆርሞን ኪኒን ጎንደርም ሕንድም ያው ታሞክሲፈን ነው። ሕክምናው ደግሞ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያልቅ አይደለም፤ ክትትሉ ዓመታት ይቆያል። የቤቱ ገንዘብ በመጀመሪያዎቹ ወራት አልቆ፣ መድኃኒት የሚገዛበት የሚታጣበት ጊዜ ይመጣል። የጤና መድን ካርዷ ታድሶ እንደሆነ አሁኑኑ አረጋግጡ።

የቅጠል ልጅ · የካቲት 5

አባቴ መድኃኒት አዋቂ ናቸው። ጡት ካንሰር በሰባት ቀን የሚያደርቅ ሥር አላቸው። ኬሞ እንዳትጀምሩ፣ ከጀመራችሁ አይሠራም። በውስጥ ጻፉልኝ።

ከቆላድባ · የካቲት 5

ወንድሜ እባክህ ይህን እዚህ አትጻፍ። እናቴ ጡት ላይ ያን ዓይነት ሥር ተደርጎ ቆዳው ተቃጥሎ ነው ሆስፒታል የደረስነው። ለቁስሉ ብቻ ስንት ጊዜ ተመላለስን።

ቀሲስ ዘደምቢያ · የካቲት 5

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። ስለ ጸበል የምለው አለኝ። እህታችሁ ጸበል መግባቷ መልካም ነው፤ ይቀጥል። ግን "ጸበል ላይ ያለ መድኃኒት አይወስድም" የሚል ሰው ካለ ይህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። መድኃኒትን የፈጠረው ያው ጸበሉን የባረከው ጌታ ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል። ኪኒኑ በጸበል ይዋጣል፤ ምንም ነውር የለውም።

ዐቢይ ጾም እየመጣ ነው። የታመመች ሴት በመድኃኒት ላይ ሆና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልቁም ብትል የንስሐ አባቷ ያናግሯት። ለሕሙማን ሥርዓት አለ። እሷ ራሷ "ጾሜን ፈታሁ" ብላ እንዳትጨነቅ ካህን ቢነግራት ይቀላታል።

የአዘዞ ልጅ · የካቲት 6

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብሎኩን ተቀብለን ልከናል። ቀሲስ ያሉትን ለእናቴ አነበብኩላት፤ ዝም ብላ ሰማች። መሐላውን ግን አልፈታችንም። አጎቴም ደላላውን አላቆመም።

የአዘዞ ልጅ · የካቲት 9

አንድ ነገር ልጠይቅ። እቴቴ ከትናንት ማታ ጀምሮ እግሬ ከበደኝ፣ ይደነዝዘኛል ትላለች። ዛሬ ሽንቷም እምቢ ብሏታል። ብርድ ነው ብላ ወገቧን ዘይት አስቀብታ ተኝታለች። ለእኔ የነገረችኝ አሁን ነው። ቀጠሮዋ ሰኞ ነው። እስከዚያ መጠበቅ ይቻላል?

ሲስተር ማራኪ · የካቲት 9

አይቻልም። አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ሰኞን አትጠብቁ፣ ጠዋትንም አትጠብቁ።

አከርካሪዋ ላይ ያለው ካንሰር ህብለ ሰረሰሯን እየተጫነው ሊሆን ይችላል። ስትገቡ እንዲህ በሉ፦ "አጥንት ላይ የተሰራጨ የጡት ካንሰር አለባት፤ ከትናንት ጀምሮ እግሯ ደክሟል፤ ሽንት አስቸግሯታል።" ወገቧን ያማታል ብቻ ካላችሁ ወረፋ ላይ ትቀመጣለች። ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት ቶሎ ይሰጣታል፣ ኤምአርአይ ይታዘዝላታል። እግሩ መራመድ እየቻለ ሕክምና የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ መራመዱን ይቀጥላል። እግሩ ከከዳው በኋላ የደረሰ ሰው መመለሱ በጣም ከባድ ነው። ልዩነቱ ሰዓታት ነው።

በባጃጅ እንዳትወስዷት። ጀርባዋ ቀጥ ብሎ መተኛት አለባት።

ፋሲል ሰፈር · የካቲት 9

አዘዞ የት ጋ ናችሁ? ሚኒባስ አለኝ። ወንበሩን ፈትቼ ፍራሽ አነጥፋለሁ። ስልክሽን በውስጥ ላኪ።

የአዘዞ ልጅ · የካቲት 10

ደርሰናል። ፋሲል ሰፈር፣ ውለታህን ፈጣሪ ይክፈልህ። መርፌው ተሰጥቷታል፣ ካቴተር የሚሉት የሽንት ቱቦ ገብቶላታል። እግሯን ታንቀሳቅሳለች። ሲስተር ያለችውን ቃል በቃል ነበር ያልኩት፤ ያን ስል እቴቴ አጠገቤ ነበረች።

ሲስተር ማራኪ · የካቲት 10

ተመስገን። አሁን የምታስቢውን አውቃለሁ። ዛሬ ምንም አትጨምሪ። ስትጠይቅሽ ግን አትዋሺያት።

የአዘዞ ልጅ · መጋቢት 4

ጠፍቼ ነበር፣ ይቅርታ። አዲስ አበባ ነበርን። በአውሮፕላን ነው የወሰድናት። አከርካሪዋ ላይ ጨረር ተሰጣት፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ሐኪሞቹ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም አንድ ጊዜ 8 ግሬይ የሚባል መጠን ብዙ ጊዜ ይበቃል አሉን። መጀመሪያ ጥቂት ቀን ሕመሙ ባሰባት፣ ከዚያ እየቀለላት መጣ። አሁን በከዘራ ትሄዳለች። ሽንቷም ተስተካክሏል።

የንግግሩ ነገር እንዲህ ሆነ። ድንገተኛ ክፍል ያደርንበት ሌሊት ምንም አላለችም። በማግስቱ ሐኪሟ መጥታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ስለ ሕመምሽ ምን ተነግሮሻል?" አለቻት። እቴቴ ወደ እናቴ አየች። እናቴ ራሷን ነቀነቀች፤ ፈቃዷን መስጠቷ ነበር። ሐኪሟ ቀስ ብላ ሁሉንም ነገረቻት። እቴቴ አለቀሰች፣ እኛም አለቀስን። ፊቷን ወደ ግድግዳ አላዞረችም።

የተናደደችው በሌላ ነው። የማክሰኚቱ ቤት ሊሸጥ እንደነበር ስትሰማ ከአልጋው ቀጥ ብላ ልትነሳ ምንም አልቀራት። "ሳልሞት ነው እንዴ የምትካፈሉኝ? ቤቱ የልጆቼ ነው። ኪራዩ ነው የሚያስተምራቸው" አለች። አጎቴ ያን ቀን ደላላውን አሰናበተ። ሕንድ የሚባለውም እዚያው ቀረ።

ውጤቱ መጥቷል። ኢ.አር እና ፒ.አር አላት፣ ኸር-2 የለባትም። የወር አበባዋ ገና አልቆመም። ሐኪሟ ኦቫሪዋን፣ ማለትም የእንቁላል ማፍሪያዋን፣ በቀዶ ጥገና ማውጣት ወይም እሱን የሚያስተኛ መርፌ በየወሩ መውሰድ፣ ከዚያ ሌትሮዞል የሚባል ኪኒን አለቻት። ለአጥንቷም ዞሌድሮኒክ አሲድ የሚባል አጥንት የሚያጠነክር መርፌ ታዟል። እቴቴ ራሷ እንድጠይቃችሁ የላከችኝ ይህን ነው፤ ጡቴ ታሞ ለምን እንቁላሌን ይነካሉ ትላለች።

ሬዚደንቱ (አዲስ አበባ) · መጋቢት 4

እንኳን እግሯ ተረፈ! በጣም ደስ ብሎኛል።

ጥያቄዋ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ካንሰሯ ኤስትሮጅን በሚባለው የሴት ሆርሞን የሚያድግ ነው። የወር አበባዋ ያልቆመ ሴት ኤስትሮጅኗ በዋናነት የሚመጣው ከኦቫሪ ነው። ስለዚህ ምንጩ ይዘጋል። አዲስ ሐሳብም አይደለም። ጆርጅ ቢትሰን የተባለ የስኮትላንድ ቀዶ ሐኪም ኦቫሪ በማውጣት የተስፋፋ የጡት ካንሰር ሲቀንስ ማየቱን በ1896 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ሆርሞን ምን እንደሆነ እንኳ ገና በቅጡ ሳይታወቅ ማለት ነው።

ሌትሮዞል ደግሞ ሌላው የሰውነት ክፍል የሚሠራትን ጥቂት ኤስትሮጅን ይዘጋል። ኦቫሪው እየሠራ ለብቻው ከተሰጠ ግን አይጠቅምም። ስለዚህ "ኪኒኑን ብቻ ልውሰድ፣ ሌላው ይቅርብኝ" ካለች ሐኪሟ ወደ ታሞክሲፈን ልትሄድ ትችላለች፤ እሱ ኦቫሪው እያለም ይሠራል። ከመርፌውና ከቀዶ ጥገናው የእኔ ምርጫ ለእሷ ሁኔታ ቀዶ ጥገናው ነው። አንድ ጊዜ ነው። መርፌው በየወሩ መገኘት አለበት፤ አንድ ወር ከጠፋ ኦቫሪው ይነቃል። ልጅ የመውለድ ሐሳብ ካላት ግን ከመወሰኗ በፊት ትናገር። ሙቀት ስሜት፣ ላብ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ሊመጣባት ይችላል። ካንሰሩ ባሰብኝ ብላ እንዳትደነግጥ ቀድማ ትወቀው።

ፋርማሲስቷ (ዲሲ) · መጋቢት 4

የጎንደር ልጅ ነኝ፣ እዚህ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ከሌትሮዞል ጋር የሚሰጡ፣ ካንሰሩን የሚያራቡትን ሲዲኬ 4/6 የሚባሉ ፕሮቲኖች የሚያግዱ ኪኒኖች አሉ። አንዱ ሪቦሳይክሊብ ነው። የወር አበባቸው ባልቆመ ሴቶች ላይ ተሠርቶ በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ከሆርሞን ሕክምናው ጋር ሪቦሳይክሊብ ከወሰዱት 42ኛው ወር ላይ በሕይወት የነበሩት 70 ከመቶ ያህል ነበሩ። የሆርሞን ሕክምናውን ብቻ ከወሰዱት 46 ከመቶ። ቀላል ልዩነት አይደለም፤ ስለዚህ ለእህታችሁ ሊገኝ ይችል እንደሆነ ሐኪሟን በግልጽ ጠይቁ።

ግን ዘመድ በሻንጣ ልኮላችሁ ያለ ክትትል እንዳትጀምሩ። ነጭ የደም ሴል ያወርዳል፣ የልብ ምትም ሊያዛባ ይችላል። የደም ምርመራና ኢሲጂ የሚባለው የልብ ምት ምርመራ እየተሠራ ነው የሚወሰደው። ዋጋውም ከባድ ነው። ባይገኝ ኦቫሪውን ዘግቶ ሌትሮዞል መውሰድ ባዶ ሕክምና አይደለም፤ እዚህም ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የኖረው እሱ ነው።

የአራዳው · መጋቢት 5

እንኳን ደኅና ሆነች። ስለ መናገሩ አሁንም ልቤ ይፈራል። ግን ቤቱን በተመለከተ የተናገረችው ትክክል ነው። ለእናትሽ ሰላምታ አቅርቢልኝ።

የአዘዞ ልጅ · መጋቢት 5

አቀርባለሁ ወንድሜ። እቴቴ ኦቫሪው ይውጣ ብላ ወስናለች። ለእኔም ልጠይቅ፤ እኛ እህቶቿ ሦስት ነን። ያሰጋናል?

ሲስተር ማራኪ · መጋቢት 5

እህት የያዛት ሴት የመያዝ ዕድሏ ከሌላው ሴት በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። አብዛኞቹ ግን አይያዙም። ሦስታችሁም መጥታችሁ ጡታችሁን ታዩ፤ በሐኪም ወይም በሰለጠነ ነርስ እጅ። ዕድሜያችሁ 40 ከሞላ ስለ ማሞግራፊ፣ ስለ ጡት ራጅ ማለቴ ነው፣ ጠይቁ። እናትሽና አክስቶችሽ ዘንድ የጡት ወይም የኦቫሪ ካንሰር ከነበረ ለሐኪሟ ንገሯት። አዲስ እብጠት ካገኛችሁ ባያምም ኑ። በተለይ ባያምም።

እና አንድ ነገር ልጨምር። ዞሌድሮኒክ አሲዱ ከመጀመሩ በፊት ጥርሷ መታየት አለበት። መድኃኒቱ ላይ ሆና ጥርስ ከተነቀለ የመንጋጋ አጥንቷ አልድን ሊል ይችላል። መነቀል ያለበት ካለ አሁን ይነቀል፣ ድዷ ይዳን፣ ከዚያ ይጀመር። የኩላሊት ምርመራና ካልሲየምም ይታይላት።

የአዘዞ ልጅ · መጋቢት 5

ይህን ማንም አልነገረንም ነበር። የታችኛው መንጋጋዋ ከድሮ ጀምሮ ያማታል፤ በቅርንፉድ ነው የምታስታግሰው። ነገ ጠዋት ጥርስ ክፍል ይዣት እሄዳለሁ፣ መርፌውን እንዲያቆዩትም ለሐኪሟ እነግራታለሁ።